መውረድ ወይስ መነዳት? በሜዲትራንያን ደሴቶች የመርከብ ሽርሽር ላይ የቀረበ ሂስ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የገዛ ወገኖቻቸው ታስረው የማቀቁበትን አገር፣ በመርከብ ሰገነት ላይ ቡና እየጠጡ፣ ሳያውቁት በአጠገቡ ስለሚያልፉ ሰዎችስ ምን ይባላል? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

ከጄኔቫ እስከ ዙሪክ ባለነው ኢትዮጵያውያን ዘንድ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ወር የሜዲትራንያንን ደሴቶች በመርከብ መዞር እየተለመደ መጥቷል። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። የዙሪክ ትምህርት ቤቶች በኦክቶበር ሁለት ሳምንት፣ የጄኔቫዎቹ ደግሞ አንድ ሳምንት ይዘጋሉ። የበጋው ግርግር ካለፈ በኋላ ዋጋው ቀነስ ይላል። ባሕሩ ገና አልቀዘቀዘም። ጄኖቫም በሚላኖ በኩል ጠዋት በባቡር ተነስቶ ከሰዓት በኋላ የሚደረስባት ከተማ ናት። ለአረጋውያን ወላጆች፣ ሕፃናት ላሉት ቤተሰብ፣ ሻንጣ መጎተት ለሰለቸው ሁሉ መርከብ ምቹ ነው። አንድ ጊዜ ልብስን ሰቅሎ አምስት ወደብ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «ወገናችን በችግር ላይ እያለ እንዴት ይዝናናል?» ለሚለው የተለመደ ወቀሳ ማጠናከሪያ እንዲሆን አልተጻፈም። ሠርቶ ያገኘ ሰው ማረፍ ይገባዋል። የእኔ ሂስ በማረፉ ላይ ሳይሆን ከመርከቡ በምንወርድበት መንገድ ላይ ነው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

ማንኛውም የሽርሽር መርከብ፣ ተሳፋሪው ገና ትኬቱን ሲቆርጥ፣ በየወደቡ የተዘጋጁ ጉብኝቶችን የሚዘረዝር መጽሔት ያቀርብለታል። ይህ ዝርዝር እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊነበብና ሊተች የሚገባው ነው። የደራሲው ስም አይጻፍበትም እንጂ ዓላማም አመለካከትም አለው። መሲና ላይ ታኦርሚናንና ኤትናን፣ ሮድስ ላይ ሊንዶስን፣ ሳንቶሪኒ ላይ ነጫጭ ቤቶችንና የፀሐይ መጥለቅን ያሳያል። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ውብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው ጉድለት የጊዜ ነው። የአራት ሰዓት ጉብኝት የተባለው ሲፈተሽ አውቶቡስ መጠበቅ፣ መቆጠር፣ መንገድ፣ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ እንደገና መቆጠር ይሆንና ለቦታው ራሱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁለተኛው የመጨናነቅ ጉድለት ነው። ሁሉም መርከብ አንድ ዓይነት ዝርዝር ስለሚይዝ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ይደርሳል። ይህን ደሴቶቹ ራሳቸው ተገንዝበውታል። ፓልማ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ በቀን የሚገቡትን የሽርሽር መርከቦች በሦስት ወስናለች። ግሪክም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ በሳንቶሪኒና በሚኮኖስ በሚወርድ እያንዳንዱ የመርከብ ተሳፋሪ ላይ በበጋው ወራት 20 ዩሮ ቀረጥ ጥላለች፤ በሌሎቹ ወራት ቀረጡ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ግን ለእኛ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የትዝታ ጉድለት። ዝርዝሩ የተዘጋጀው ለሁሉም ሰው ነው ተብሎ ይታሰባል። ለሁሉም የተዘጋጀ ነገር ደግሞ የማንንም ታሪክ አይነግርም። እንግሊዛዊው ማልታ ላይ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ከበባ የሚያሳይ ጉብኝት ያገኛል፤ ገዢው ብዙ ነውና። ኢትዮጵያዊው የራሱን አያገኝም። «እኛ በሜዲትራንያን ደሴቶች ላይ ምን ታሪክ አለን?» የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉት ደሴቶች

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ የደረሰውን እልቂት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ በኋላ ወደ 400 የሚጠጉ መኳንንት፣ ወይዛዝርትና ሹማምንት በመርከብ ተጭነው ወደ ኢጣሊያ መጋዛቸውን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። የት ተወሰዱ? አብዛኞቹ በመጀመሪያ የተወሰዱት ከሰርዲንያ በስተሰሜን ምዕራብ ጫፍ ወዳለችው ወደ አዚናራ ደሴት ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማንወርቅ፣ ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተረሸኑ በኋላ፣ ከነልጆቻቸው በዚያች ደሴት ታስረዋል። ኋላም ወደ ቶሪኖ ተወስደው እ.ኤ.አ. በ1940 እዚያው አርፈዋል።

አዚናራ ወደ 52 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ደሴት ናት። ከእ.ኤ.አ. 1885 ጀምሮ የወረርሽኝ ማቆያና የእስረኞች ሠፈር ነበረች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከሰርቢያ የመጡ የኦስትሮ ሀንጋሪ ምርኮኞች በሺዎች ሞተውባታል። የሲሲሊን ማፊያ የፈተኑት ዳኞች ፋልኮኔና ቦርሰሊኖ እ.ኤ.አ. በ1985 የታላቁን ችሎት ክስ በጽሑፍ ያዘጋጁት በዚያ ተጠልለው ነው። ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ሆናለች። ዛሬ ሰው የሚያውቃት በነጫጭ አህዮቿ ነው። አህዮቹን ማየት ነውር አይደለም። ነውሩ አህዮቹን ብቻ አይቶ መመለሱ ነው።

ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ጎጀብ ላይ ከተያዙ በኋላ የታሰሩት ፖንዛ በምትባል፣ ከሮም በስተደቡብ ባለች ትንሽ ደሴት ነው። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር መጀመሪያ የተወሰደው ወደዚያችው ፖንዛ ነበር። ያረፈበትም ቤት ራስ እምሩ ታስረውበት የነበረው እንደሆነ ይነገራል።

ከራስ እምሩ ጋር ከተያዙት መካከል አንድ ወጣት መምህር ነበር፤ ሀዲስ ዓለማየሁ። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያበረከቱልን ደራሲ ከፖንዛ ወደ ሊፓሪ ደሴት፣ ከዚያም በካላብሪያ ተራራ ላይ ወዳለችው ሎንጎቡኮ ተዘዋውረው የታሰሩ ሰው ናቸው። ሊፓሪ ከሲሲሊ በስተሰሜን ካሉት የኤዎልያ ደሴቶች ትልቋ ናት። የፋሺስቱ መንግሥት የራሱን ተቃዋሚዎችም ያግዝባት ስለነበር ካርሎ ሮሰሊና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1929 በጀልባ ያመለጡት ከእሷ ነው። ያችን ልብ ወለድ የፈጠረችው ብዕር ከመጻፏ በፊት የታሰረችባት ደሴት ማለት ናት። እኛ ግን መሲና ወርደን ወደ ታኦርሚና በአውቶቡስ እንነዳለን።

ከመሲና ብዙ ሳይርቅ ሌላም አለ። ዘርዓይ ደረስ የተባለው ኤርትራዊ ወጣት ወደ ኢጣሊያ የሄደው ለተጋዙት ኢትዮጵያውያን አስተርጓሚ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1938 ሮም ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በቆመበት በዶጋሊ መታሰቢያ ሥር፣ ሰይፍ መዝዞ የፈጸመው ተቃውሞ በሁላችንም ዘንድ በአፈ ታሪክ መልክ ይነገራል። ገደለ፣ አቆሰለ፣ ስንት? በሚለው ላይ አፈ ታሪኩና ሰነዱ አይስማሙም፤ ታሪክ ጸሐፊዎቹ የሞቱ ሰዎችን ቁጥር የያዘውን ትረካ አይቀበሉትም። መጨረሻው ግን አያከራክርም። «አብዷል» ተብሎ በሲሲሊ ባርቸሎና ፖትሶ ዲ ጎቶ በምትባል ከተማ በወንጀለኞች የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተዘግቶበት እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያው ሞተ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ከመርከቦቹ አንዷን በስሙ ሰይሞ ነበር። መርከቧም ባሕር ኃይሉም ወደቡም ከእጃችን ሲወጡ ስሙ ብቻ ቀረ። የሞተባት ከተማ ግን ከመሲና ወደብ በአንድ ሰዓት ገደማ የምትደረስ ናት።

ሮድስን እንውሰድ። የዶዴካኔዝ ደሴቶች ከእ.ኤ.አ. 1912 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በኢጣሊያ እጅ ነበሩ። የጎብኚው ሁሉ መዳረሻ የሆነው የባላባቶች ታላቅ ቤተ መንግሥት ዛሬ የሚታየውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1940 መካከል በፋሺስቱ አስተዳደር እንደገና ሲሠራ ነው። በመግቢያው አጠገብ ያለው የእብነ በረድ ጽሑፍ የቪክቶር አማኑኤል ሦስተኛንና የሙሶሊኒን ስም እስከ ዛሬ ይዟል። ያ ንጉሥ በእነዚያው ዓመታት «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ነኝ ይል የነበረው ሰው ነው። አስጎብኚው ስለ ወለሉ ሞዛይክ ይነግረን ይሆናል። እኛም አድንቀን ፎቶግራፍ እንነሳለን። ግድግዳው ግን ስለ እኛም ይናገር ነበር።

ጄኔቫ ለምን ይመለከታታል?

ይህን ከጄኔቫ ሆኖ መጻፍ የራሱ ክብደት አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1936 የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት እያወኩባቸው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉት በዚህች ከተማ ነው። ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ወታደርና የመርዝ ጋዝ የጫኑት መርከቦች ይህንኑ ዛሬ የምንዝናናበትን ባሕር ሰንጥቀው ነው ምጽዋና ሞቃዲሾ የደረሱት። ከወራት በኋላም እስረኞቻችንን የጫኑት በተቃራኒው አቅጣጫ ተመለሱ።

ዛሬ ደግሞ ከዓለም ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሜዲትራንያን ሺፒንግ ካምፓኒና የሽርሽር መርከቦች ክፍሉ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ጄኔቫ ነው። ባሕር የሌላት ስዊዘርላንድ ከእ.ኤ.አ. 1941 ጀምሮ በባሕር ላይ የራሷን ባንዲራ የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦች ያላት አገር ናት፤ የምዝገባ ወደባቸውም ባዝል ነው። የባሕር በር ጥያቄ ሌሊትና ቀን የሚያከራክረን እኛ ከዚህ የምንማረው ነገር ይኖር ይሆናል። እርሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው። እዚህ ላይ የምፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ባሕሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ባዕድ ያደረግነው እኛው ነን።

ለተዘጋጀው ጉብኝት የሚቀርብ መከላከያ

ሚዛናዊ ለመሆን የተቃራኒውን ወገን ክርክር መስማት ግድ ነው። በመርከቡ የተዘጋጀ ጉብኝት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በራሱ የወጣ ሰው ግን ከዘገየ አይጠበቅም፤ ወደሚቀጥለው ወደብ በራሱ ወጪ መድረስ አለበት። ለአረጋውያን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ፣ ቋንቋ ለሚያስቸግራቸው ይህ ዋስትና ርካሽ ነው። እናቱን ይዞ የሄደ ሰው የተዘጋጀውን ቢገዛ የሚወቅሰው የለም።

ክርክሩ ግን ከዚህ አያልፍም። «መርከቡ ጥሎኝ ይሄዳል» የሚለው ፍርሃት በሂሳብ የሚፈታ እንጂ በእምነት የሚያዝ ነገር አይደለም። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና የደህንነት መጠባበቂያ የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። ድልድይ የሚሠራ ሰው «ይሰበር ይሆን?» እያለ አይሰጋም፤ ሊሸከም ከሚገባው በላይ እንዲሸከም አድርጎ ይሠራዋል። የወደብ ቀንም እንዲሁ ነው። ስሌቱ የሚጀመረው ከመነሻ ሰዓት ሳይሆን ከመመለሻው ነው።

መሲናን ለምሳሌ እንውሰድ። መርከቡ በአውሮፓ አቆጣጠር በ8 ሰዓት ደርሶ በ18 ሰዓት የሚነሳ፣ ተሳፋሪውም በ17 ሰዓት ከ30 እንዲገባ የታዘዘ ነው እንበል። የሁለት ሰዓት መጠባበቂያ ካስቀመጥን በ15 ሰዓት ከ30 ወደቡ ላይ መገኘት አለብን። ከሚላትሶ ወደ መሲና በመኪና 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ከሊፓሪ ወደ ሚላትሶ በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ለመውረድ 15 ደቂቃ እንስጠው። ስለዚህ ከሊፓሪ መነሳት ያለብን ከ13 ሰዓት ከ30 ሳንዘገይ ነው። ስንሄድ ደግሞ ለመውረድ 30፣ ለመንገድ 45፣ ጀልባ ለመጠበቅ 45፣ ለባሕሩ 60 ደቂቃ ብንል 11 ሰዓት ላይ ሊፓሪ ነን። በደሴቷ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል አለን ማለት ነው። ከወደቡ በእግር ወደ ግንቡ ወጥቶ፣ ሙዚየሙን አይቶ፣ ከአምባው ላይ ሆኖ ባሕሩን እያዩ ስለዚያ ወጣት መምህር ለልጆች ለመንገር ይበቃል።

ነገር ግን አሁንም መሐንዲስ ነኝና ዕቅዱ አንድ ደካማ ማሠሪያ እንዳለው አልሸሽግም፤ ጀልባው ነው። በመጸው ወራት ነፋስ ሲነሳ ፈጣን ጀልባዎች ይሰረዛሉ። ሄዶ እዚያ መቅረትም አለ። ስለዚህ ጠዋት የአየር ትንበያው ካላማረ ወደ ሁለተኛው ዕቅድ መሄድ ነው። ከሚላትሶ ራስ ምድር ጫፍ ላይ አየሩ ጥርት ሲል ሊፓሪና ቩልካኖ ይታያሉ። ባርቸሎናም እዚያው አጠገብ ናት። የዘርዓይ ደረስ ማቆያ የቱሪስት ቦታ አይደለም፤ በሩ አይከፈትም። ይሁን እንጂ በከተማይቱ አደባባይ ቁጭ ብሎ ስሙን አንስቶ መመለስ ራሱ ከስንት የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ይበልጣል። ይህ ዕቅድ ጀልባ የለበትም፤ ባቡርም መኪናም ያደርሳል። ሁለት ዕቅድ ያለው ሰው ነፋስን አይፈራም።

ቫሌታ ደግሞ ምንም ስሌት አትፈልግም። ከወደቡ በአሳንሰር ወደ ላይ ወጥቶ በእግር የሚዞርባት ከተማ ናት። አውቶቡስ መግዛት ለምን አስፈለገ? በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ያለው፣ ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ፣ ቤተ ክርስቲያናችን መስከረም 2 የምታስበውን ታሪክ የሚያሳይ ነው። ዘመን መለወጫን «ቅዱስ ዮሐንስ» ብሎ ለሚጠራ ሕዝብ ከዚህ የቀረበ ሥዕል ከየት ይመጣል? ቀኑ እሑድ እንዳይሆን ብቻ መጠንቀቅ ነው፤ ለጎብኚ ዝግ ነው።

ስለ ወቅቱና ስለ ሰዓቱ

በመጸው መጓዝ የራሱ ሕግ አለው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈው የቅዱስ ጳውሎስ ጉዞ በዚሁ ወቅት በዚሁ ባሕር የተደረገ የደሴቶች ጉዞ ነው። ጳውሎስ ጊዜው አልፏል፣ ክረምቱን ቀርጤስ እንቆይ ሲል የመቶ አለቃው ግን ከእሱ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት አመነ። መጨረሻውም ማልታ ላይ መሰበር ሆነ። የዛሬ መርከብ በቀላሉ አይሰበርም፤ ወደብ ግን ይሰርዛል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2020 ያኖስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኬፋሎንያንና ዛኪንቶስን፣ ኦክቶበር 2021 ደግሞ አፖሎ የተባለው ምሥራቅ ሲሲሊን መትቷል። ስለዚህ አስቀድሞ የማይመለስ ክፍያ መክፈል አያዋጣም።

የቀን መቁጠሪያንም ማየት ነው። በኢጣሊያ ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፤ ኖቬምበር 1 በዓል ነው። ኦክቶበር 28 ደግሞ ግሪኮች በእ.ኤ.አ. 1940 ለሙሶሊኒ «እምቢ» ያሉበትን ቀን ያከብራሉ። ሱቅና ሙዚየም ስለሚዘጋ ቱሪስቱ ያማርራል። ለእኛ ግን ያ ቀን ሮድስ ላይ ከዋለ ዕድል ነው። ያው ጦር፣ ያው ጠላት፣ ያው «እምቢ» ነው። ከሰልፈኛው ጎን መቆም ምን ይከፈልበታል?

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በአንድ የሐበሻ ቡድን ውስጥ ሦስት ሰዓት አለ። አባባ «በ12 ሰዓት እንገናኝ» ሲሉ ምሽት ማለታቸው ነው፤ ዙሪክ የተወለደው የልጅ ልጃቸው ቀትር ብሎ ይሰማል። በዚህ ላይ የመርከቡ ሰዓት ከወደቡ ሰዓት ሊለይ ይችላል። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድም የአውሮፓ ሰዓት ይለወጣል። የሚያዋጣው አንዱን የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሞልቶ እሱን ብቻ ማመን ነው። በስልክ ላይ ያለው በራሱ ስለሚቀየር አይታመንም።

የማይወርዱት

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ስዊዘርላንድ ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2008 ጀምሮ በሼንገን ክልል ውስጥ ስላለች «ቤ» ወይም «ሴ» ፈቃድ ያለው ሰው በኢትዮጵያ ፓስፖርትም ቢሆን ኢጣሊያ፣ ማልታ፣ ግሪክና ስፔን መውረድ ይችላል። መርከቡ ቱኒዚያ ወይም ቱርክ ጎራ የሚል ከሆነ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይጣራ። «ኤፍ» ያለው፣ ማለትም ለጊዜው እንዲቆይ የተፈቀደለት ወገናችን ግን ከስዊዘርላንድ ለመውጣት አስቀድሞ የመመለሻ ቪዛ መጠየቅ አለበት። ለሽርሽር ብሎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

እነዚህ ወገኖች እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ይህንኑ ባሕር በጎማ ጀልባ የተሻገሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ ደጃፍ ላይ 368 ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሊቢያ ባሕር ዳርቻ የታረዱት ኢትዮጵያውያንም ዓይናቸው የተተከለው በዚህ ውሃ ማዶ ነበር። መርከባችን ከሲሲሊ ወደ ማልታ ሲያልፍ በላይኛው ፎቅ ሙዚቃ አለ። ሙዚቃው ይቁም አልልም። ነገር ግን በቡድን የሚጓዙት ወገኖቻችን በዚያች ኦክቶበር 3 ዕለት ሻማ ለማብራት ወይም ጸሎት ለማድረስ ማንም አይከለክላቸውም። ይህንንም የመርከቡ ዝርዝር አያስታውሳቸውም። ራሳቸው ማቀድ አለባቸው።

የዕቅዱ ወሰን

በመጨረሻ የራሴን ሐሳብ ድንበር ላስምር። በራስ መውረድ ሁሉን አይፈታም። የሽርሽር መርከቦች ሰርዲንያ ላይ በብዛት የሚቆሙት ካልያሪና ኦልቢያ ነው። ለአዚናራ ጀልባ የሚነሳባት ፖርቶ ቶሬስ ከካልያሪ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከኦልቢያም በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ትርቃለች። ከዚያ በኋላ ጀልባው ራሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በመጸው ደግሞ የጀልባው ምልልስ ይቀንሳል። ከላይ የሠራሁትን ስሌት እዚህ ላይ ብንደግመው ዜሮ ይወጣል። ፖንዛም ለትልልቅ መርከቦች የምትሆን አይደለችም። ስለዚህ «ከካልያሪ አዚናራ ደርሼ እመለሳለሁ» የሚል ሰው ቢኖር አትሂድ ነው የምለው።

መፍትሔው ምንድን ነው? ከጄኖቫ ወደ ፖርቶ ቶሬስ ሌሊት የሚጓዝ መደበኛ መርከብ አለ። ቅንጦት የለውም፤ የመዋኛ ገንዳ ይኖረዋል ብሎ የሚሳፈር የለም። ማታ ተሳፍሮ ጠዋት የሚደርስ ሰው ቀኑን ሙሉ አዚናራ ላይ ለመዋል ጊዜ አለው። ማኅበራት በየዓመቱ የካቲት 12ን በአዳራሽ ውስጥ በንግግር ያከብራሉ። ንግግሩ ይቀጥል። ግን ከአሥር ንግግር አንዱን ቀንሶ በሚቀጥለው መስከረም ሠላሳ ወጣቶችን በዚያ የሌሊት መርከብ ወደ ደሴቷ መውሰድ ምን ያግዳል? ወጪው ከአንድ የአዳራሽ ድግስ ብዙ አይበልጥም።

የመርከብ ኩባንያው ታሪካችንን በዝርዝሩ ውስጥ ባለመጻፉ ልንወቅሰው አንችልም። እሱ ነጋዴ ነው፤ የሚጠየቀውን ይሸጣል። ያልጠየቅን እኛ ነን። ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ወደ አዚናራ፣ ፖንዛ፣ ሊፓሪ ወይም ሎንጎቡኮ ተግዘው የነበሩ ወገኖች በስዊዘርላንድም ሆነ በሌላው ዓለም ካሉ ደብዳቤውን፣ ፎቶግራፉን፣ ከእናት ከአባት የሰሙትን ይጻፉልን። ያን ጊዜ የሚቀጥለው ተጓዥ ወደብ ላይ ሲወርድ በእጁ የሚይዘው ሌላ ዓይነት ዝርዝር ይኖረዋል፤ በራሳችን ሰዎች የተጻፈ።

ቸር ይግጠመን።